የማይሸት ኮምጣጤ

ትንታግ ቁጭ አትልም። እናቷ ያወጡላት ስም አላት፣ ግን እሱን የሚያውቀው መታወቂያዋ ብቻ ነው፤ በጠርሙስ ማጠቢያው ፋብሪካ ከዘበኛው እስከ ሥራ አስኪያጁ ሁሉም ትንታግ ነው የሚላት። ከምትሠራበት ገንዳ ጎን አንድ በርጩማ አለ። ከእሷ በፊት ገንዳውን ይጠብቁ የነበሩት ሽማግሌ ትተውላት የሄዱት ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ እዚያው አለ፣ ቀለሙ እንኳ አልተፋቀም። አንዴ የፈረቃ ኃላፊው ለሌላ ክፍል ሊወስደው ሲል "ተወው፣ ለእንግዳ ነው" አለችው። ገንዳ ዳር ደግሞ ምን እንግዳ ይመጣል? ግን ማን ይከራከራታል! እግሯ አያርፍ፣ እጇ አያርፍ፣ ምሳዋን እንኳ እየተንጎራደደች ነው የምትበላው። ሰው ሁሉ ተፈጥሮዋ ነው ይላል። ግማሹ እውነት ነው፣ ከልጅነቷም ቀዥቃዣ ነበረች። የቀረውን ግማሽ ግን ሰው አያውቀውም።

መጀመሪያ ሥራዋን ልንገራችሁ። ከገበያ የሚመለሱ ባዶ ጠርሙሶች የሚታጠቡት በኮስቲክ ሶዳና በሙቅ ውኃ ነው። ኮስቲክ ማለት ቅባቱንም፣ ዝቃጩንም፣ የተለጠፈውን ወረቀትም ጥርግ አድርጎ የሚበላ ነገር ነው፤ ቆዳ ካገኘም አይምርም። ያ ውኃ ሥራውን ሲጨርስ እንዲያው ወደ ወንዝ አይለቀቅም፣ ዓሣውንም የሰውን ጓሮም ይፈጃል። ስለዚህ ወደ ትንታግ ገንዳ ይመጣል። ትንታግ ደግሞ ከበርሜል አሲድ እየቀዳች ትጨምርበታለች። አሲዱም ብቻውን ያው ነው፣ ብረት የሚበላ ጉድ ነው። ሁለቱ ሲገናኙ ግን አንዱ ሌላውን ይጨርሰዋል፤ ገንዳው ይሞቃል፣ እንፋሎት ይወጣል፣ መጠናቸው እኩል ከሆነ በመጨረሻ የሚቀረው ጨውና ውኃ ነው። ሽማግሌው "ሁለት ክፉ አንድ የዋህ ወለዱ" ይሉ ነበር።

ሲወራ ቀላል ነው። ችግሩ ሁለቱም ኃይለኛ ስለሆኑ እኩል የሚሆኑበት ቦታ እንደ ክር የቀጠነ መሆኑ ነው። ትንታግ የምትለካው ቀለሙ በሚለዋወጥ ወረቀት ነው፤ ኮስቲክ ከሆነ ጠቆር ያለ ሰማያዊ፣ አሲድ ከሆነ ቀይ፣ መሐሉ ላይ ሲደርስ አረንጓዴ። አሥር ጆግ አሲድ ትጨምራለች፣ ሰማያዊ። ሃያ፣ ሰማያዊ። ሠላሳ፣ አሁንም ሰማያዊ፤ ወረቀቱ ግግም ይላል። ሰው ይሰለቻል። "ምን አለበት" ብሎ አንድ ጆግ ደፋ ሲያደርግ ወረቀቱ ቀይ ሆኖ ቁጭ! አረንጓዴው መቼ መጥቶ መቼ እንዳለፈ የሚያውቅ የለም።

በመጀመሪያው ሳምንት ትንታግ ሦስት ቀን በተከታታይ እንዲህ አልፋው ሄደች። አሲዱ ሲበዛባት ኮስቲክ፣ ኮስቲኩ ሲበዛባት አሲድ፣ እያባረረች ገንዳውን እስከ አፉ ሞላችውና የማጠቢያው መስመር ሁሉ ቆመ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ማለት ይሄ ነው። ሽማግሌው በርጩማቸው ላይ ሆነው ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ፣ ስቀው ሲበቃቸው አስተማሯት። ሲቃረብ አሲዱን ብዙ ውኃ ውስጥ ጨምረሽ አቅጥኚው። በጆግ ሳይሆን በኩባያ ስጪው። በኩባያና በኩባያ መሐል ቁጭ ብለሽ ጠብቂ። ሁለቱን ተማረች፣ ሦስተኛው ላይ እምቢ አለች። በመቀመጥ ፈንታ ገንዳውን ሦስት ጊዜ ትዞራለች፣ አንድ ኩባያ ትጨምራለች፣ ደግሞ ሦስት ዙር። ሽማግሌው አይተው አይተው "የሰው ልጅ ሁሉ የራሱ ሰዓት አለው" ብለው ተዉዋት።

ሥራ በጀመረች በሦስተኛው ዓመት ነው ነገሩ የመጣው። ያኔ ከታናሽ ወንድሟ ጋር አንድ ቤት ይኖሩ ነበር፤ ወላጆቻቸው አልፈዋል፣ እሷ ናት ያሳደገችው። እሱ የሰዓት ጥገና ሙያ ገና እየለመደ ነበር። የመታጠቢያ ቤቱ ፍሳሽ ተደፈነ። ትንታግ ሆዬ ከፋብሪካው በጠርሙስ ትንሽ ኮስቲክ ይዛ መጣች፣ ማንን ልጥራ፣ እኔ እያለሁ ብላ። ፍሳሹ ውስጥ ጨመረችው፣ የፈላ ውኃ ከላዩ ደፋችበት። ወንድሟ "እስቲ ወረደ?" ብሎ ጎንበስ አለ። ያ ነገር ቡፍ ብሎ ወጣና ግራ ዓይኑን መታው።

የውኃው ቧንቧ ሁለት እርምጃ ላይ ነበር። ልብ በሉ፣ ሁለት እርምጃ። ማንም ያልተማረ ሰው ቢሆን የልጁን አንገት ይዞ እዚያ ቧንቧ ሥር ይደፍቀው ነበር። ትንታግ ግን አዋቂ ነበረች። ኮስቲክን የሚያጠፋው አሲድ ነው፤ ይኸው በየቀኑ በገዛ እጇ ታጠፋው የለ! "አትንካው፣ መጣሁ" ብላ ወደ ጓዳ ሮጠች፣ ኮምጣጤ የለም። ወደ ሰፈሩ ሱቅ ሮጠች፣ ባለሱቁ ሌላ ሰው እያስተናገደ ነው። ተመልሳ ስትደርስ ሰባት ደቂቃ አልፏል። ከዚያ ኮምጣጤውን ዓይኑ ውስጥ ደፋችበት። ጩኸቱን አልነግራችሁም። ሐኪም ቤት ሲደርሱ ሐኪሟ መጀመሪያ ምን እንዳደረጉለት ጠየቀች፤ ልጁ በሕመም ራሱን አያውቅም፣ መላሿ ትንታግ ናት። "በውኃ አጠብኩት" አለች። ለምን እንደዋሸች ያኔ ራሷም አታውቅም። ግራ ዓይኑ ጠፋ።

ዓመት ሳይሞላ ፋብሪካው የደህንነት መሐንዲስ አመጣ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ሰውየው በየክፍሉ የዓይን ማጠቢያ ቧንቧ አስተከለና ሠራተኛውን ሰብስቦ አስረዳ። ኮስቲክ ዓይን ከነካ ውኃ፣ ውኃ ብቻ፣ ወዲያው፣ ግማሽ ሰዓት ሳይቋረጥ። በአሲድ አጠፋዋለሁ የሚል ሰው ቃጠሎ ላይ ቃጠሎ ነው የሚጨምረው፤ ሁለቱ ሲጠፋፉ የሚወጣው ሙቀት ገንዳ ውስጥ በብዙ ውኃ ይበተናል፣ ዓይን ውስጥ ግን የት ይሄዳል? ከሁሉ የሚብሰው ደግሞ፣ አለ መሐንዲሱ፣ ፍለጋ ሲሮጡ የሚጠፋው ጊዜ ነው፤ ኮስቲክ ቶሎ ወደ ውስጥ ይዘልቃል፣ እያንዳንዱ ደቂቃ ዓይን ነው። ትንታግ ከኋላ ቆማ ትሰማ ነበር። ስብሰባው ሳያልቅ ወጣችና ፋብሪካውን በአጥሩ ዙሪያ እስኪመሽ ዞረችው። ከዚያን ቀን ወዲህ ነው ጨርሳ መቀመጥ ያቃታት።

ሆድ ይፍጀው አለች። ሆድ ይፍጀው ብሎ መኖርም ይቻል ነበር፣ ወንድሟ ባያመሰግናት ኖሮ። እሱ ሙያውን ለመደ፣ ሰው አበቃለት ያለውን ሰዓት የሚያስነሳ ሆነ፣ የራሱን ሱቅ ከፈተ። "ለዚህ ሥራ ድሮም አንድ ዓይን ይበቃል፣ ሌላውንማ ሁሉም ሰዓት ሠሪ ይጨፍነዋል" እያለ ይቀልዳል። ለመጣው ደንበኛ ሁሉ ደግሞ ስለ እህቱ ያወራል፤ እሷ ባትኖር ሁለቱም ዓይኑ እንደሚሄድ፣ ሮጣ ኮምጣጤ አምጥታ መርዙን እንዳጠፋችለት። ኮምጣጤ መሆኑን ከሽታው ያኔውኑ አውቆታል። ቧንቧው ይሻለው እንደነበር ግን ማንም አልነገረውም።

ይሄ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። የአሮጌ ግድግዳ ሰዓቶች ጥርስ የደረቀ ቅባት ሲይዝ የሚያጸዳው በምን መሰላችሁ? በኮስቲክ። በትንሽ ሳህን ሙቅ ውኃ ውስጥ ያሟሟውና ያቺን አንዲት ዓይኑን አስጠግቶ ጥርሶቹን በመቆንጠጫ ያገላብጣቸዋል። ትንታግ የመከላከያ መነጽር ወሰደችለት፤ አጉሊ መነጽሬን አላስገባ አለኝ ብሎ ምስማር ላይ ሰቀለው። ከራሱ በላይ፣ እጁ ሲዘረጋ በሚደርስበት መደርደሪያ ላይ፣ ሁልጊዜ አንድ ሙሉ ጠርሙስ ነጭ ኮምጣጤ አለ። "የፈሩት ይደርሳል ይባላል፣ አንድ ነገር ቢመጣ አንቺ እንዳደረግሽው አደርጋለሁ" ይላታል። ቧንቧው ከሱቁ ጓሮ ነው፣ ከወንበሩ ዘጠኝ እርምጃ። ትንታግ ቆጥራዋለች።

እንግዲህ ጣጣዋ ይኸው ነው። ብትናገር የዓመታቱ ውሸት ይወጣል፣ በዚህ ዓለም ያላት አንድ ወንድሟ ፊቱን ያዞርባታል። ዝም ብትል የቀረችው አንዲት ዓይን እዚያ ሳህን ላይ አፍጥጣለች፣ መድኃኒቴ ብሎ ያስቀመጠውም የሚያጠፋት ነገር ነው። በየእሁዱ ልትነግረው ትሄዳለች። በየእሁዱ ሳትነግረው ትመለሳለች።

መናገር ሲያቅታት ሌብነት ጀመረች። ጠርሙሱን በቦርሳዋ ይዛ ወጣች፤ እሱ በማግስቱ ሌላ ገዛ። ሁለተኛውንም ሰረቀች፤ ሦስተኛ ገዛ። ከዚያ ብልሃት መጣላት። እሱ ደንበኛ ሲያነጋግር ኮምጣጤውን ጓሮ ወስዳ ትደፋውና ጠርሙሱን ውኃ ሞልታ ትመልሰዋለች። አንድ ጠርሙስ ውኃ ለዓይን ምንም አይደለም፣ ታውቃለች፣ ግን ከኮምጣጤ ይሻላል ብላ ነው። አንድ ቀን ወንድምየው ከፍቶ ቢያሸተው ሽታ የለም። ሄዶ ባለሱቁን ሰው ፊት አዋረደው፣ ሌባ አለው። ባለሱቁ ምሎ ተገዝቶ በራሱ እጅ የታሸገ ሰጠው፤ ያም በሳምንቱ አይሸትም። ሱቅ ቀየረ። ከአራት ባለሱቅ ጋር ተጣላ። "ዘመኑ ነው እትዬ፣ ኮምጣጤ እንኳ ሐሰት ሆነ" ይላታል፣ እሷ ፊቷን ወደ ግድግዳው ሰዓቶች አዙራ ትሰማለች። "ኧረ ቁጭ በይ፣ ሰዓቶቹን አዞርሽብኝ" ሲላት "እግሬን ላፍታታ" ትለዋለች። አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ እግር ሲፍታታ!

ባለፈው ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ገንዳው ወደ መጨረሻው ተቃርቦ ነበር። ወረቀቱ ሰማያዊነቱን ለቆ ወደ አረንጓዴ ማዘንበል ጀምሯል፣ የቀጠነ አሲድ በኩባያ ይዛ ሁለተኛው ዙር ላይ ናት። የፈረቃ ኃላፊው ቶሎ ልቀቂው እያለ ይነዘንዛታል። በዚህ መሐል ከማጠቢያው ማሽን አንድ ቱቦ ከማሰሪያው አምልጦ ወጣና ጠርሙስ ደርዳሪዋ ፊት ላይ ኮስቲክ ረጨባት። ሎጋዋ ነው የሚሏት፣ ቁመቷ ከማሽኑ ስለሚበልጥ። ዓይኗን በሁለት እጇ ይዛ ስትጮኽ ሁሉም ወደ ትንታግ ዞረ።

"ትንታግ፣ አሲድ! ያጠፋው የለ እንዴ፣ ጨምሪላት!" አለ የፈረቃ ኃላፊው። መሐንዲሱ የተናገረውን ማንም አያስታውስም፤ በየቀኑ የሚያዩት ገንዳውን ነው። ኩባያው ደግሞ እጇ ላይ ነበር። እውነቱን ልናገር፣ እጇ ሄደ። ወደ ሎጋዋ ፊት አንድ ክንድ ያህል ሄደ። ከዚያ ኩባያውን እንደ እሳት ወረወረችውና ሎጋዋን በአንገቷ ይዛ የዓይን ማጠቢያው ቧንቧ ሥር ደፈቀቻት።

የእጅ ሰዓቷን ፈታ ለኃላፊው ሰጠችው። ወንድሟ የሰጣት ሰዓት ነው። "ሠላሳ ደቂቃ ሲሞላ ንገረኝ፣ ከዚያ በፊት አታናግረኝ" አለችው። የሎጋዋን የዓይን ቆብ በሁለት ጣቷ ፈልቅቃ ውኃውን ለቀቀችባት። ሎጋዋ ተወራጨች፣ ረገጠቻት፣ ሰደበቻት። መኪና ተዘጋጅቶ በር ላይ ጡሩምባ ይነፋል። ሰዉ ሐኪም ቤት ትሂድ እንጂ ልትገድያት ነው እያለ ያጉረመርማል፣ አንዱ ክንዷን ይዞ ሊያላቅቃት ሞከረ። አልለቀቀችም። የሎጋዋን ጆሮ ተጠግታ ቀስ ብላ ታባብላታለች፣ አይዞሽ የኔ እህት፣ ውኃ ነው፣ ውኃ ብቻ ነው። እግሯ ሊነቃነቅ ፈለገ፤ ከልጅነቷ ጀምሮ አንድ ቦታ ይህን ያህል ቆማ አታውቅም። ኃላፊው ሳይጠየቅ "ሰባት ሞላ" ሲል አለቀሰች። ሰባት ደቂቃ ይህን ያህል እንደሚረዝም እስከዚያች ቀን አታውቅም ነበር።

ሠላሳው ሲሞላ ለቀቀቻት፣ መኪናው ውስጥም ውኃ እያፈሰሰችላት አብራት ሄደች። ሐኪሙ ወጣት ነው። መርምሮ ሲጨርስ ዓይኗ ቢቀላም እንደሚድን ነገራቸው፤ ከዚያ ያቺኑ የድሮዋን ጥያቄ ጠየቀ፣ መጀመሪያ ምን አደረጋችሁላት ብሎ። "በውኃ አጠብኳት" አለች ትንታግ። ቃሉ ያው ነው፣ አንድ ፊደል አልተለወጠም፣ አሁን ግን እውነት ነው። ኮሪደሩ ላይ ወጥታ ግድግዳ ተደግፋ ቆየች። ገንዳው ትዝ ያላት ያኔ ነው፤ የወረወረችው ኩባያ እዚያው ገብቶ፣ ቀሪውን ጠብታ ብቻ ይጠብቅ የነበረውን ውኃ ወደ አሲድ አሻግሮት ነበር። ኃላፊው ደውሎ ወረቀቱ ቀልቷል ሲላት "ይቅላ" ብላ ዘጋችበት።

እሁድ አልጠበቀችም። በቀጥታ ወንድሟ ሱቅ ሄደች። እሱ በሳህኑ ላይ አጎንብሶ ጥርስ እያገላበጠ ነው፣ አዲስ ጠርሙስ ከራሱ በላይ ተቀምጧል። በሐሙስ ቀን ምን አመጣት ብሎ ቀና አለ። እሷም በሩ ላይ እንደቆመች የሎጋዋን ነገር ከቱቦው እስከ ሐኪሙ ነገረችው፣ በምን እንዳዳነቻት ብቻ አልተናገረችም። ተደሰተ። እንግዲህ አንቺ ካለሽ፣ አለ፣ ኮምጣጤ በፋብሪካውም ታስቀምጫለሽ ማለት ነው።

"ኮምጣጤ አይደለም" አለች። "ውኃ ነው። ድሮም ውኃ ነበር የሚያስፈልገው።"

ከዚያ ሁሉንም ተናገረች፤ የቧንቧውን ሁለት እርምጃ፣ የባለሱቁን ወረፋ፣ ለሐኪሟ የዋሸችውን፣ መሐንዲሱን። የጠርሙሱንም ተናገረች። ወንድሟ አጉሊ መነጽሩን ከዓይኑ አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ግድግዳው ላይ ያሉት ሰዓቶች ሁሉ ይመታሉ።

"እሷን ስንት ደቂቃ ያዝሻት?" አላት።

"ሠላሳ።"

"እኔንስ?"

መልሷን አልጠበቀም። አራት ሰው ሌባ ብያለሁ አለ ቀስ ብሎ፤ አንዱ ሞቷል፣ እሱን እንኳ ይቅርታ ልጠይቀው አልችልም። ቀጥሎ ያለውን ግን ጮክ ብሎ ነው የተናገረው። "ግራ ዓይኔን ተዪው፣ ደንግጠሽ ነው፣ ልጅ ነበርሽ። ይቺን ግን" አለና ጣቱን ወደ ቀኝ ዓይኑ ቀሰረ፣ "ይቺን ስታያት አሥራ ስምንት ዓመት። እሁድ እሁድ እየመጣሽ። ቆመሽ።"

ፊትህን ታዞርብኛለህ ብዬ ነው አላለችም፣ ፈራሁም አላለችም፣ ሁሉም ባዶ ቃል ሆነባት። ወንድሟ ተነስቶ ጠርሙሱን አወረደና ጓሮ ወስዶ ደፋው፤ ሽታው እስከ ሱቁ ድረስ ገባ። ተመልሶ ሲመጣ ወንበሩ ላይ ሆኖ ጀርባውን ሰጣት። እንደ ወትሮው ቁጭ በይ አላላትም። ሂጂም አላላትም። ትንታግ የደንበኛ ወንበሩን ስባ ተቀመጠች።

ሁለት ደንበኛ መጥቶ ሄደ። ከዚያ ወንድምየው ዞር ሳይል "ቧንቧው ከዚህ ስንት እርምጃ ነው?" አለ።

"ዘጠኝ።"

ኮስቲክ ያለበትን ሳህን ገፋ አድርጎ ዓይኑን ጨፈነ። ተነሳ። እጁን ከፊቱ ዘርግቶ ሄደ፣ በጠረጴዛው ጠርዝ ተጠለፈ፣ የጓሮውን በር መቃን በትከሻው መታው። ትንታግ ልትነሳ ወንበሩን ጨበጠች፣ ግን አልተነሳችም። ሁለት ጊዜ ግድግዳውን ከዳበሰ በኋላ ቧንቧውን አገኘው፣ ከፈተው፣ ፊቱን ሥሩ አስገባ። ከዚያ በዓይኑ እያየ፣ ከአገጩ ውኃ እየተንጠባጠበ ተመለሰ።

"ስንት ፈጀብኝ?"

"ሃያ ሁለት ሴኮንድ" አለች የግድግዳውን ሰዓት አይታ።

"ብዙ ነው።" ጠረጴዛውን ከመንገዱ ገፋው፣ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፣ ዓይኑን ጨፈነ። "እንደገና። ቁጠሪ።"

ትንታግ ከተቀመጠችበት ሳትነሳ መቁጠር ጀመረች።